ሞተር ለሌለው መኪና ቤንዚን

ጎረቤቴ ኤቨርት የመጀመሪያውን ጀሪካን ያመጣው ሚስቱ በተቀበረች በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀይ፣ አሥር ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጀሪካን ነበር። ከጋራዤ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው፤ እጀታው ወደ በሩ እንዲዞር አስተካከለውና አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ። ጀሪካኑ ላይ በተለጠፈ ነጭ ፕላስተር «98» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል።

መኪናዬ ከጀሪካኑ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኮፈኑ ክፍት ነው። ሞተር የለውም።

ታሪኩን ከዚህ ብጀምረው ጥፋተኛው ኤቨርት ይመስላል። እሱ ራሱም ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጀሪካኑና ከቤንዚኑ ነው። እኔ ግን ከመጋቢት ወር፣ በረዶው ገና ከመስኮቱ ደፍ ሳይወርድ ከነበረው ጊዜ መጀመር አለብኝ።

ስቱሬ እባላለሁ፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባለው ጋራዥ ለሠላሳ ሁለት ዓመት የቆዩ ባለ ቱርቦ መኪኖችን ጉልበት ስጨምር ኖሬአለሁ። ሰው ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ይመጣ ነበር፤ የሚመጣውም ለጆሮዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ ያለው ቤንዚን መቀጣጠል ያለበት ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ብቻ ነው። እሳቱን ቀደም እያደረግህ፣ የቱርቦውን ግፊት እየጨመርህ በሄድህ ቁጥር ጉልበት ታገኛለህ። አንድ ቦታ ስትደርስ ግን ቤንዚኑ መታገሥ ያቅተውና በገዛ ራሱ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ዝም ካልከው ራሱን ከውስጥ ይበላል። ማደያው ላይ የምታየው ቁጥር የቤንዚኑ ትዕግሥት ልክ ነው። ዘጠና አምስት ጥቂት ይታገሣል፣ ዘጠና ስምንት ከዚያ ይበልጣል። ሞተሩን ለየትኛው እንዳስተካከልከው ታውቅና ቁጥሩን በቤንዚን መሙያው ክዳን ውስጥ በፕላስተር ትጽፋለህ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትንሽ ቦታ ትተዋለህ፤ ምክንያቱም አንድ ቀን አንድ ሰው የተሳሳተውን ይሞላል። እኔ በሠራሁት ሞተር፣ የተሳሳተውን የሞላ ሰው ቀስ ብሎ ከነዳ ቤቱ ይገባል። ይህ ኩራቴ ነበር።

ያንን ቦታ የማገኘው በመዳብ ቱቦ ነው። የቱቦውን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ በስቼ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር በብሎን አስረዋለሁ። ከሌላው ጫፍ የሚነሳ የላስቲክ ቱቦ በመስኮት ይገባና እንጨት ቆራጮች ጆሯቸው ላይ ከሚያደርጉት መከላከያ ጋር ይገናኛል። እሱን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ከመንደሩ በላይ ያለውን ዳገት ነዳጅ እየሰጠሁ እወጣለሁ። ማንኳኳቱ ሲመጣ በመስተዋት ላይ እንደሚበተን አሸዋ ነው፤ ቀጭን፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ የተንሳፈፈ። ስሰማው እሳቱን ጥቂት አዘገየዋለሁ። ወጣቶቹ የኮምፒውተር መስመር ያያሉ። እኔም ኮምፒውተር አለኝ፤ ቁጥር የምቀይረው በእሱ ነው። የምወስነው ግን በጆሮዬ ነበር።

በዚያ መጋቢት የራሴን መኪና፣ ነጩን አሮጌ ቮልቮ፣ እንደ አዲስ እያስተካከልኩ ሳለ የኤቨርት ሚስት ጉንቮር በረዶ ላይ የሚንሸራተት ወንበሯን በእግሯ እየገፋች ግቢዬ ገባች። ቤታቸው ከቤቴ ከመቶ ሜትር በላይ አይርቅም። ሕመሙ ጀምሯት ነበር፤ ኮቷ ሰፍቷታል። በፌስታል ፓልት ይዛልኝ መጥታለች፤ በድንች ሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ።

«ያንን የቆርቆሮ ሙዚቃ አጥፋው! ሰው ቆሟል እኮ እዚህ!»

«ሙዚቃ አይደለም፣ ሥራ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሥራ ነው ስትል ሰማሁህ። እስካሁን ሚስት አላስገኘልህም።»

«ኤቨርት ቀደመኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እሱማ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው የደረሰው» አለችና ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ። ሳሉ ሲበርድላት ጣቷን ወደ ጥዱ አነሳች። «እሷን ስማት!»

በአገራችን የንጉሥ ወፍ የምንላት አለች። ከወፎች ሁሉ ታንሳለች፤ ክብደቷ ከአንድ ደብዳቤ አይበልጥም። ድምፅዋ ደግሞ መርፌ ነው፤ ከጥድ አናት ወርዶ ጆሮ የሚወጋ።

«ሰማኋት» አልኩ።

ጉንቮር ጣቷን ሳታወርድ ፊቴን አየችው።

«ወፍ የለችም» አለችኝ። «ጣቴን ብቻ ነው ያነሳሁት።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እሺ፣ ተወው።» ፌስታሉን ሰጠችኝ። «በቅቤ ጥበሰው። እንደ ባለፈው ውኃ ውስጥ ከተኸው ብሰማ አልመጣም።»

ከሰዓት በኋላ ቱቦዬን አስሬ ዳገቱን ወጣሁ። እሳቱን ቀደም አደረግሁት፤ ሞተሩ ምንም አላለም። ግፊቱን ጨመርኩ፤ ምንም። አሁንም ቀደም አደረግሁት። ከሞተሩ ጩኸት በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ እንደ ተጠረገ ወለል ንጹሕ። ማታ ለኤቨርት ስልክ ደውዬ፣ «በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሞተር ሰምቼ አላውቅም» አልኩት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። «በመጨረሻ የሚመስልህን አገኘህ።»

ግንቦት ሲገባ ጉንቮር ኡሜዮ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለዋል። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የወንዙ በረዶ ሳይሄድ ቤቴ አስገቡኝ።

በረዶው የሚሄድበት ቀን እኛ መንደር ትልቅ ቀን ነው። ወንዙ መሀል በረዶው ላይ ቀይ በርሜል ይቆማል፤ ከበርሜሉ የተሳበው ገመድ ሱቁ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰዓት ጋር ይታሰራል። በረዶው ሲንቀሳቀስ ገመዱ ሰዓቱን ያቆመዋል። ሰው ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ገምቶ በሱቁ ደብተር ይጽፋል። ጉንቮር አርባ ዓመት ገምታ አንድ ቀን አላሸነፈችም። ማሸነፉ አልነበረም ጉዳይዋ። ድምፁን ነው የምትወደው። በየዓመቱ ወንበር ይዛ ወንዙ ዳር ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን።

ሆስፒታሉ «ዛሬ መውሰድ ትችላለህ» ብሎ ኤቨርትን የጠራው ጠዋት መኪናው እኔ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ፍሬኑን ፈትቼዋለሁ። የራሴን መኪና ቁልፍ ሰጠሁት።

«ግማሽ ታንክ አለው፤ ደርሶ መልስ ይበቃሃል። ቤንዚኑን አትንካው» አልኩት። የመንደራችን ማደያ ዘጠና ስምንትን ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሊክሴሌ ከተማ ድረስ ሰባ ኪሎ ሜትር ሄጄ ነው የማመጣው።

«እሺ» አለኝ።

እሺ ማለቱን ማመን አልነበረብኝም። እኛ ዘንድ የተዋሱት መኪና ጎዶሎ ታንክ ይዞ አይመለስም። ያጎደለ ሰው ስሙ በልጅ ልጁ ይነሳል። ኤቨርት ደግሞ የተበደረውን ምስማር አዲስ ገዝቶ የሚመልስ ሰው ነው።

በዚያው ቀን፣ ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ፣ በረዶው ሄደ። እኔም ወንዙ ዳር ከሰው ጋር ቆሜ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ኤቨርት ነው፤ ያለከልካል። መስመር ፍለጋ አንድ ሰዓት ያህል ኮረብታ ሲወጣ ቆይቷል።

«መኪናህ ሞተ» አለኝ። «ዳገቱ ላይ ጉንቮር ያንኳኳል አለችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ተሰበረ። ከዚያ ጭስ ነው። ስቱሬ፣ ዘጠና አምስት ሞላሁበት።»

የእሱን መኪና ፍሬን ገጥሜ፣ ጎማውን አስሬ ሄድኩ። ከመንደራችን በአርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ አገኘኋቸው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንባል። ጉንቮር የኋላ ወንበር ላይ በኤቨርት ጃኬት ተጠቅልላለች። እሱ በሹራብ ብቻ ውጭ ቆሟል፤ መኪናው ውስጥ የመቀመጥ መብት እንደሌለው ሰው።

«መንገድ ላይ ያለው ማደያ ዘጠና ስምንት አልነበረውም» አለኝ ገና ሳልወርድ። «ክዳኑ ላይ የጻፍከውን አይቼዋለሁ። አይቼው ነው የሞላሁት። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ምን ይሆናል ብዬ…»

«እኔ ነኝ!» አለች ጉንቮር በመስኮቱ። «ጎዶሎ ታንክ ልትመልስለት ነው ወይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ዝም በይ። ነጂው እኔ ነኝ።»

«ነጂ! ላም እንኳ ስትቀድምህ ነበር!»

ኤቨርት አልሳቀም። እኔን ነው የሚያየው። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ፤ በኛ በኩል አዎ የምንለው እንዲህ ነው። ያንን ትንፋሽ ተቀበለና ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ሰዓት እኔም ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ይህን እንኳ ስለ ራሴ መናገር እችላለሁ።

ጉንቮርን ወደ ሌላው መኪና ስናሻግራት ከአንድ የክረምት ኮት በላይ አልከበደችም። ነዳሁ። ኤቨርት አጠገቤ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

«ሄደ?» አለች ከኋላ።

«ሄደ።»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ይኼንንስ እውነትህን ነው?» አለች። በመስተዋቱ አየኋት፤ ፈገግ ብላለች። የወፏ ነገር መሆኑ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። «በል ንገረኝ። እንዴት አለ?»

እኔ ቃል የምችል ሰው አይደለሁም። «መጀመሪያ ከላይ በኩል እንደ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ጮኸ» አልኳት። «ከዚያ ዝም። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ውሾቹ ሳይቀሩ። ከዚያ… ከብዙ ጊዜ በኋላ ከወንበሩ እንደሚነሳ ትልቅ ሰው። ሲነሳ ቤቱ እንደሚንቋቋ።»

«በርሜሉስ?»

«ቆሞ ሄደ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ሳይወድቅ።»

«ቆሞ ሄደ» አለች። ዓይኖቿን ጨፈነች።

መኪናውን አስጎትቼ ሞተሩን የፈታሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ፒስተን ጠርዙ ተሰብሮ ቀለበቶቹ ተጨፍልቀዋል። ይህን ጠብቄዋለሁ። ሌሎቹን ሦስቱን ሳወጣ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ፊታቸው በነቀዝ እንደ ተበላ እንጨት ተቦርቡሯል። በጉድጓዶቹ ውስጥ የጠነከረ፣ የቆየ ጥላሸት ተኝቷል። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አልለቅም አለኝ። ኤቨርት ዘጠና አምስት ሞልቶ የነዳው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይህን አያደርግም። ይህ የሳምንታት ሥራ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ፣ እኔ በዝምታው ስደሰት፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሲያንኳኳ ከርሟል። ለሚሳሳት ሰው የሚተወውን ቦታ እኔው ቀድሜ ጨርሼዋለሁ። ኤቨርት ሲደርስ የቀረ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ለማንም ሳልናገር ሊክሴሌ ሄጄ ጆሮዬን ታየሁ። የመረመረችኝ ሴት ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። መስመሩ እስከ መሀል ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ገደል ይወርዳል።

«ከዚህ በላይ ያለውን የለህም» አለችኝ። «ሁለቱም ጆሮ። በሥራ ቦታህ ጩኸት አለ?»

«አለ።»

«ወፎችን ትሰማለህ?»

ወሬ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ልትሰጠኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ለሞተር ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አዘነችልኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ወረቀቱን አጥፌ ከመፍቻ ቁልፎቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጉንቮር ያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበረች። ወጥ ቤታቸው መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች፤ ከጋራዤ በር ሆኜ ነጭ ፀጉሯ ይታየኛል። መቶ ሜትር ነው። ሄጄ፣ «ኤቨርት፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ቃል አይሞላም። ነገ እላለሁ አልኩ። በነገው የአንድ ሰው መኪና መጣ፤ ሰውየው «ያንተ ጆሮ እያለ ሌላ ጋ አልሄድም» አለኝ። ይህ ጆሮ ስሜ ነው፣ እንጀራዬ ነው፣ ሌላ ነገር የለኝም ብዬ አሰብኩ። ሰውየውን ወገቤን አሞኛል ብዬ መለስኩት። ለኤቨርትም ሳልናገር ዋልኩ።

ሃያ ቀን ቆይታ ሞተች። ሐኪሙ መንገድ ላይ መቀመጧ ምንም እንዳላፋጠነ ለኤቨርት ነግሮታል። ኤቨርት ግን ስለ ሞቷ አልነበረም የሚናገረው። ከቀብር ስንመለስ በሩ ላይ ይዞኝ፣ «አርባ ኪሎ ሜትር» አለኝ። «አርባ ኪሎ ሜትር ነው የቀራት። በረዶውን አትስማ ብዬ የፈረድኩባት ያህል ነው።» እኔም እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ያ እጅ እስካሁን ይከብደኛል።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ መጡ። ኤቨርት በየቅዳሜው ማልዶ ሰባ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ዘጠና ስምንት ቤንዚን በቀይ ጀሪካን ይሞላል፤ ሰባ ኪሎ ሜትር ይመለሳል፤ ከግድግዳዬ ሥር ያስቀምጣል። ጀሪካኖቹ እኩል ተራርቀው ይሰለፋሉ፤ እጀታቸው ወደ በሩ። በአራተኛው ላይ ወጥቼ ያዝኩት።

«ኤቨርት፣ መኪናው ሞተር የለውም እኮ።»

«ሲኖረው ይጠጣዋል።»

«ላይኖረው ይችላል።»

«እንግዲያ ይቀመጥ» አለኝ። «ቤንዚን አይበላ አይጠጣ።»

ሱቅ ውስጥ ይቀለድብን ጀመር። ባለ ሱቁ፣ «ስቱሬ፣ ማደያ ልትከፍት ነው እንዴ? ሰውየው ገብሮ ሊጨርስ ነው!» ሲለኝ ተራ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ስል ኤቨርት ከወተቱ መደርደሪያ አጠገብ ቆሞ የካርቶን ወተት ላይ የታተመውን ቀን ያነባል። ቀኑን አንብቦ ሲጨርስ መልሶ አስቀመጠውና ምንም ሳይገዛ ወጣ።

ከሰኔ እስከ መስከረም እንደዚያ አሳለፍን። እኔ ለሚመጣው ሁሉ ወገቤን ይዤ ቆየሁ፤ ሰውም ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ። ማንም ምንም ሳያውቅብኝ ስሙም ሥራውም ሄዱ። ታዲያ ዝም ያልኩት ምን ላድን ነው? ዝም ማለትም ልማድ ይሆናል።

በመስከረም መጨረሻ አሥራ አራተኛውን ጀሪካን ሲያስቀምጥ ወጥቼ ሣጥን ገልብጬ እሱን አስቀመጥኩት። ከስቶ ነበር። ቡትስ ጫማው ላይ የከተማው ጭቃ አለ።

«የምነግርህ አለኝ።»

«እኔም አለኝ» አለ። «ለማን እንደምነግረው ጠፍቶብኝ ነው የቆየሁት። ያን ቀን መንገድ ላይ አንተን ስንጠብቅ አእምሮዋን ሳይነካው አልቀረም መድኃኒቱ። እኔ ይቅር በይኝ፣ በረዶውን ላስመልጥሽ ነው እላታለሁ። እሷ ስለ ወፍ ታወራለች። ስቱሬ ወፏን አይሰማትም ትለኛለች። አሁንም አሁንም። ስቱሬ ወፏን አይሰማትም። ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን?» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «የመጨረሻዋ ደኅና ቀን ነበረች። እሷንም በወሬ ጨረሰቻት።»

ጥዱን አየሁ። ከዚያ መሬቱን አየሁ።

«አእምሮዋን አልነካውም» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። ጣቷን ማንሳቷን፣ ሰማኋት ማለቴን፣ ዳገቱን፣ ዝምታውን። ወረቀቱን ከመሳቢያው አምጥቼ ሰጠሁት። አንዱን ፒስተን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ኤቨርት አርባ ዓመት የግንድ መጫኛ ማሽን የነዳ ሰው ነው፤ ብረት ማንበብ ይችላል። ፒስተኑን ወደ ብርሃን አዞረው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ በጥፍሩ ፋቀው።

«ይኼ የቆየ ነው» አለ።

«አዎ።»

«የኔ አይደለም።»

«አይደለም። እንደ ድሮ ሠርቼው ቢሆን በዘጠና አምስትም ቤታችሁ ትገቡ ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሞተሩን የፈታሁ ቀን። በሦስተኛው ቀን።»

ዞሮ የቤቱን መስኮት አየ። «እዚያ ተቀምጣ ነበር» አለ።

«አዎ። ተቀምጣ ነበር።»

እንዲመታኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲሰድበኝ፣ ፒስተኑን እንዲወረውርብኝ። ከሰኔ ጀምሮ ሌት ተቀን የተለማመድኩት ያንን ነበር። እሱ ግን ብረቱን በሁለት እጁ ያዘው፤ ትኩስ ዳቦ እንደያዘ ሰው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ? መንገድ ላይ የቀረችው እሷ ናት።» ፒስተኑን መልሶ ሰጠኝ። ተነስቶ የጀሪካኖቹን ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቀኝ።»

«እኔ ካልሆንኩ፣ ቅዳሜ ምን ልሥራ?»

ከዚያ ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ።

እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ የቤታቸው መብራት ሲበራና ሲጠፋ እያየሁ ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ውርጭ ወርዶ ነበር። አይመጣም ብዬ ነበር፤ እንዲያውም እንዳይመጣ ለመንኩ። አራት ሰዓት ላይ መኪናው ቆመ። ኤቨርት ቀዩን ጀሪካን በቀኝ እጁ ይዞ ወረደ። አሥራ አምስተኛውን ከአሥራ አራተኛው ቀጥሎ አስቀመጠ፣ እጀታውን ወደ በሩ አዞረ። ፕላስተሩ ላይ በዚያው እርሳስ፣ በዚያው ጥንቁቅ እጅ «98» ተጽፏል።

እንደ ሌላው ጊዜ አልሄደም። ጥዱ ሥር ሄዶ ቆመ። ጣቱን አነሳ።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ፊቱን አየሁት፤ ወፏ ስትዘምር ፊቱ ይነግረኛል ብዬ። ፊቱ ምንም አይልም።

«አልሰማትም» አልኩ። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም» አለ። «ማሽኑ ከሃያ ዓመት በፊት ነው የወሰደብኝ። እሷ ነበረች የምትነግረኝ። ‹አሁን ዘመረች› ስትለኝ፣ እኔ ‹አዎ› እል ነበር። አሁን፣ አዎ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበርን።»

ወደ ላይ አየን። ምናልባት ወፏ እዚያ ነበረች፣ ምናልባትም አልነበረችም። ኤቨርት ክንዱ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ጣቱን አላወረደም።